የመግቢያው ዓምድ

ሦስተኛ ጊዜ ስትለካውም ዓምዱ ያው ሃያ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ሆነ።

"አባባ፣ እስቲ ጫፉን ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ" አለች።

የሕንፃው ዘበኛ የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዓምዱ ጠርዝ ላይ ተጭነው እንደያዙ ቀና ብለው አዩዋት። "ልጄ፣ እኔ አልተነቃነቅሁም። ዓምዱም ቢሆን የሚነቃነቅ አይመስለኝም" አሏት።

ለወጉ ያህል ሳቀች። ከቦርሳዋ ትንሽ መፋቂያ አወጣችና ከዓምዱ ግርጌ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ መርጣ ልስኑን ፋቀች። ግራጫው ኮንክሪት ብቅ እስኪል ሁለት ሴንቲሜትር ገባች። ሁለት በዚህ ጎን፣ ሁለት በዚያ ጎን። ከሃያ ዘጠኙ አራት ሲነሳ ሃያ አምስት። በእጇ የያዘችው የድሮ ፕላን ግን አርባ ይላል። ከጠዋት ጀምራ የምድር ቤቱን ዓምዶች አንድ በአንድ ለክታለች፤ አሥራ አንዱ ልክ እንደተነደፉት ናቸው። ይኼኛው፣ የጭነት መኪና ከሚገባበት በር ጎን የቆመው፣ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ጎድሎታል።

"ምነው፣ ከስቶ አገኘሽው እንዴ?" አሏት ሽማግሌው።

"ሲወለድም እንዲሁ ቀጭን ነው አባባ" አለችና ሜትሩን ጠቀለለች። የአሥራ አንዱን ዓምድ ልክ ማስታወሻዋ ላይ አስፍራ ነበር። የአሥራ ሁለተኛውን ቦታ ባዶውን ተወችው።

በምትሠራበት የምህንድስና ቢሮ በስሟ የሚጠራት የለም። "ሚሊ" ነው የሚሏት፤ ሲዘረዘር ሚሊሜትር ማለት ነው። መሐንዲሱ ያሰቡትንና ያሰሉትን ኮምፒውተር ላይ መስመርና ቅርጽ አድርጋ የምታወጣ ንድፍ ሠሪ ናት፤ ይህንኑ ስትሠራ አሥራ ሦስት ዓመቷ። ስሙ የወጣላት በተቀጠረች በወሯ፣ በአራት ሚሊሜትር አልገጥም ያላትን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ የለካች ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር። ኋላ ግን መሐንዲሱ ራሳቸው በደንበኛ ፊት "ሚሊ የለካችውን እኔ ደግሜ አልለካም" ማለት ሲጀምሩ ስሙ እንደ ማዕረግ ሆነና ቀረ።

ሕንፃው ስፌት ቤት ነው። ታች ጨርቅ ይራገፋል፣ ይቆረጣል፤ ላይ አርባ ያህል የስፌት መኪናዎች ተደርድረው ከጠዋት እስከ ማታ ይንጫጫሉ። ባለቤቱ ሥራ በዝቶለት በላዩ አንድ ወለል ሊጨምር ፈልጓል። ለዚህ ደግሞ መሐንዲሱ አዲስ ንድፍ ያስፈልጋቸዋል፤ ሕንፃው ወረቀት ላይ እንደታሰበው ሳይሆን መሬት ላይ እንደቆመው የሚያሳይ። ለስምንት ሰዓት እንድታደርስላቸው አደራ ብለዋታል። ዘጠኝ ላይ ባለቤቱ ይመጣል።

ሕንፃውን ከአምስት ዓመት በፊት ያሠራው ፎርማን ማን እንደነበረ ለማወቅ የድሮ ወረቀት ማገላበጥ አላስፈለጋትም። ታላቅ ወንድሟ ነው።

ወደ ላይ ወጣች። ከመግቢያው ዓምድ ትክክል በላይ ያለውን ቦታ በእርምጃ ቆጥራ ደረሰችበት። እዚያ ኮሌታ የምትገጥም ጠና ያለች ሴት ተቀምጣለች። ከወለሉ ሸክላ ሁለቱ ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ተሰንጥቀዋል። ሴትዮዋ በመኪናዋ አንድ እግር ሥር በአራት የታጠፈ ጨርቅ አድርጋለች።

"ይሄ ምንድነው እህቴ?" ብላ ጠየቀቻት ጎንበስ ብላ።

"ካላደረግሁለት ይወዛወዝብኛል" አለች ሰፊዋ፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ። "ዓምና ወረቀት አጥፌ ነበር የማደርግለት። ዘንድሮ ወረቀቱ አልበቃ አለው።"

ሌላም ነገር አወራቻት። ጥገና ለሚሠራው ነግራ ሰውየው መኪናውን አይቶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ደህና ነው ብሎ እንደሄደ፤ እሷም ቦታ ልቀይር ብትል መስኮቱ አጠገብ መቀመጡን ስለምትወደው እንደተወችው። ሚሊ እህ እያለች አዳመጠቻት። ዓይኗ ግን ከጨርቁ ላይ አልተነሳም። መኪናው እግሩ አጥሮ አይደለም፤ ወለሉ ነው የወረደው። ብዙ አይደለም፤ ሦስት፣ ምናልባት አራት ሚሊሜትር።

ደረጃው ላይ ቆማ ለወንድሟ ደወለች። ዓምዱን እንደለካችው፣ ስንት እንዳገኘችውም ነገረችው። ከወዲያኛው ጫፍ የአሸዋ መዛቂያ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ያም ቀረ።

"ለማን ነገርሽ?" አለ።

"ለማንም።"

"ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮሽ አጠገብ እመጣለሁ" አለና ዘጋው።

ወንድሟን ሰው ሁሉ "ቱንቢ" ነው የሚለው፤ ግንበኞች ግድግዳ መቅናቱን የሚያዩበት፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር ነው። ያቆመው ግድግዳ ላይ ቱንቢ ቢጥሉ ክሩ ከላይ እስከ ታች ግድግዳውን እየነካ ይወርዳል ይባልለታል። አባታቸው ሲሞት እሱ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ እሷ ሰባት ነበረች። ትምህርቱን አቁሞ ሲሚንቶ ተሸከመ፤ ከተሸካሚነት ግንበኛ፣ ከግንበኝነት ፎርማን ሆነ። እሷን ንድፍ ያስተማራት እሱ ነው። የመጀመሪያዋን ኮምፒውተር፣ ሰው ተጠቅሞ የጣላትን ትልቅ ሣጥን፣ ዝናብ እንዳይነካት የራሱን ካፖርት አልብሶ፣ እሱ በሸሚዝ እየራሰ አዝሎ ያመጣላት ቀን እስከ ዛሬ ከዓይኗ አይጠፋም። መሐንዲሱ ዘንድ ያስገባትም እሱ ነው። እናታቸው የምትኖረው እሱ ጋ ነው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ጥግ ይዞ ጠበቃት። ሁለት ሻይና ዳቦ አዝዟል፤ ዳቦውን አልነካውም። የሲሚንቶ ብናኝ የተለጠፈበት እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ ተቀምጧል።

"ልስኑን ቀንሰሻል?" አለ፣ ገና ከመቀመጧ።

"ቀንሻለሁ።"

"እንደምትቀንሺ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።"

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አወራላት። ፌሮው ታስሮ፣ ጣውላው ተገጥሞ፣ በማግስቱ ኮንክሪት ሊሞላ ሲል ባለቤቱ መጥቶ በሩን በሜትር ለካ። ጨርቅ የሚያመጣው ትልቁ መኪና አይገባም አለ። ዓምዱን አሳንሱልኝ፣ አለዚያ ሥራው ይቆማል አለ። መሐንዲሱ በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ስልካቸውን የሚያነሳ አልነበረም። ሃያ ሁለት ሠራተኛ ቆሞ ይጠብቃል። ወንድሟ አንድ ሌሊት አስቦ በማግስቱ ፌሮውን ወደ ውስጥ አጠፈው፣ ጣውላውን አጠበበው፣ ሞላው። መሐንዲሱ ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር። ሲሻላቸው ዓምዱ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ዛሬ ነገ ሲል አምስት ዓመት አለፈ።

"ለሁለት ወለል ይበቃዋል ብዬ ነው" አለ። "ይኸው በቃው። ምን ሆነ?"

"አሁን ያለበትን ችሏል ጋሼ። ሌላ ሊጫንበት ነው።"

"አውቃለሁ። ዕቅድ አለኝ።" እጁን ከጠረጴዛው ሥር አወጣ፤ ስለ ሥራ ሲያወራ እጁ ዝም አይልም። እሑድ ስፌት ቤቱ ዝግ ነው አላት። ከዘበኛው ጋር ይተዋወቃሉ። ሁለት እሑድ ብቻ ቢሰጡት በዓምዱ ዙሪያ ፌሮ አስሮ፣ ኮንክሪት አልብሶ፣ ለስኖ፣ ቀለም ቀብቶ ይጨርሰዋል። "አንቺ ዛሬ አርባ ብለሽ ብትጽፊ፣ የዚያን ጊዜ እውነት ሆነ ማለት ነው። ማን ተጎዳ?"

እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትስለው የኖረችው ይህንኑ ነው። አሮጌ ዓምድ እንደ ሰው ካፖርት አይደረብለትም፤ አዲሱ ፌሮ ከመሠረቱ መነሳት አለበት፣ አሮጌው መበሳት አለበት፣ መሐንዲስ ማስላት አለበት። "መሠረቱስ?" የሚለው ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የወንድሟን ፊት አየችና ዋጠችው።

"አብረን ሄደን ኢንጂነርን ብንነግራቸውስ?" አለችው በምትኩ።

"ምን ብለን?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሃምሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ጉልበቴ ደረጃ አያስወጣኝም። ሌላ ቦታ ማን ፎርማን ብሎ ይወስደኛል? ሰው እኔን የሚያውቀኝ በእሳቸው ነው። የእሳቸው ቱንቢ ነው የሚሉኝ።"

አንድ ነገር ጠብቃ ነበር። ማን ለዚህ አበቃሽ ይለኛል ብላ፣ ያንን ካፖርትና ያንን ዝናብ ያነሳብኛል ብላ። አላነሳም። ቢያነሳው ይሻላት ነበር፤ ተቆጥታ ትነሳ ነበር። እሱ ግን ዳቦዋን ቆርሶ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት፤ "ብዪ፣ ባዶ ሆድሽን አትዋዪ" አላት። እሷም በላች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ይህን ሥራ ትወደው ነበር። ፕሮግራሙ ላይ መስመር ስትጀምር መጀመሪያ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ልቅ ነው፣ ጎትተው ቢስቡት ይከተላል። ርዝመቱን ስትሰጠው፣ ማዕዘኑን ስትነግረው፣ ከጎረቤቱ ጋር ስታጋጥመው፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። ከዚያ በኋላ በማውዝ ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም። ያ ሰዓት ሁልጊዜ ደስ ይላታል፤ የተጨቃጨቁ ሰዎች የተስማሙ ይመስላታል። ዛሬ አሥራ አንዱ ዓምድ አንድ በአንድ ሲጠቁር እያየች ደስታው አልመጣ አላት። መተንፈሻ ያጣችው እሷ ነበረች። በአንድ በኩል ወንድሟ፣ በአንድ በኩል መሐንዲሱ፣ በላይዋ ሰፊዋና ጨርቋ፤ በየትኛውም ወገን ፈቀቅ የምትልበት የለም።

አሥራ ሁለተኛውን ሣለች። ሃያ አምስት በሃያ አምስት። የልኩን መስመር ስትስብ ፕሮግራሙ ራሱ ለክቶ "25" ብሎ ጻፈ። አራት ማዕዘኑን ይዛ ልትጎትተው፣ እስከ አርባ ልትለጥጠው ሞከረች፤ እጇ እምቢ አላት። ያልተሠራ ነገር ሥላ አታውቅም። ሌላ መንገድ ግን ነበር፤ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ተማሪዎችን አታድርጉ እያለች የምትቆጣበት መንገድ። ቅርጹን ሳይነኩ ቁጥሩን ብቻ ሁለቴ ተጭኖ በላዩ መጻፍ ይቻላል። መስመሩ አጭር እንደሆነ ይቀራል፤ ቁጥሩ የፈለጉትን ይላል። በዚህ ዘመን ወረቀት ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ የሚለካ የለም፤ ሰው ቁጥር ነው የሚያነበው።

ሁለቴ ተጫነች። አራት ጻፈች፣ ዜሮ ጻፈች።

ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አትማ ይዛ ወጣች። መሐንዲሱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ጣታቸው በመግቢያው ዓምድ ላይ አለፈ፤ አልቆመም።

"እንዲህ ነው እንጂ" አሉ። "ካንቺ እጅ የወጣ ነገር እንቅልፍ ያስተኛኛል።"

ወደ ቦታዋ ተመልሳ የሌላ ሕንፃ ደረጃ መሣል ጀመረች። አንድ መስመር ስባ ታጠፋለች፣ ደግሞ ትስባለች። አጠገቧ ያለው የሥራ ባልደረባዋ፣ ቀልደኛው ቀያሽ፣ ደረጃው ወዴት እንደሚሄድ ካልወሰንሽ ለምን ሰዎቹን በገመድ ስበን አናወጣቸውም አላት። አልሰማችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስፌት ቤቱ ባለቤት ሽቶውን እያስቀደመ አልፎ ወደ ላይ ወጣ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከዚያ መሐንዲሱ ራሳቸው በስልክ ጠሯት። ስትገባ ሁለቱም ፊታቸው በርቷል። ባለቤቱ የተቀመጠበትን ወንበር ሳይለቅ እጅ ነሳት።

"ቁጭ በይ ሚሊ" አሉ መሐንዲሱ። "አንድ ሳይሆን ሁለት ወለል ሆኗል። አንቺ ባመጣሽው ልክ ሳሰላው ዓምዶቹ ሁለቱንም ይችላሉ፤ የመግቢያው ትንሽ ይጨናነቃል እንጂ እሱም ይወጣዋል። በእነሱ በኩል ሰኞ መጀመር ይፈልጋሉ።"

"ሰኞ?" አለች።

"ምን እንጠብቃለን?" አለ ባለቤቱ። "የእሷን ልኬት እርስዎ ካመኑ እኔም አምኛለሁ።"

መሐንዲሱ ሌላም የምሥራች ነበራቸው። ሕንፃውን ከሚያውቀው የተሻለ ማን አለ ብለው ለወንድሟ ደውለዋል። የሁለቱም ወለል ፎርማን እሱ ነው። "ድምፁን ብትሰሚው" አሉ። "እንደ ልጅ ነው የሆነው።"

አመሰገነች። ምን ብላ እንዳመሰገነች ኋላ ብታስበው አልመጣላት አለ። ወደ ታች ስትወርድ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዛ ነበር። አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የዋሸችው፤ ያውም ለሁለት እሑድ። ከሰዓት በኋላው ሳያልፍ ውሸቱ አንድ ወለል ወልዶ፣ ለወንድሟ ሥራ ሰጥቶ፣ ለሰኞ ቀጠሮ ይዟል። ነገ ብትናገር ከዛሬ ይከፋል። ሰኞ ብትናገር ከነገ ይከፋል። ወንድሟ አምስት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም እንዳለ አሁን ነው የገባት፤ እንዲህ ነው ለካ፣ አንዱ ቀን ሌላውን ቀን እየቆለፈው።

መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ደወለችለት።

"ሰማሽ?" አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት። ድምፁ እውነትም ሌላ ሆኗል። ለእማዬ እንደነገራት፣ እልል ብላ ጎረቤት እንደሰበሰበች አጫወታት። ሁለት ወለል ማለት ቢያንስ ሁለት ዓመት ሥራ ነው አላት። አቋረጠችው።

"ጋሼ፣ ዓምዱስ? ሰኞ ነው የሚጀመረው። መካከል ላይ ያለችው አንድ እሑድ ናት።"

"እናያለን" አለ።

"ምኑን እናያለን?"

"ፎርማኑ እኔ አይደለሁ እንዴ? ሥራ መካከል ሰው ሳያይ አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ። ቀስ በይ፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጎርሺው። እናያለን።"

ያን ቃል ስታውቀው ኖራለች። የቤታቸው ጣሪያ ሲያፈስ እናያለን ብሎ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮ ይዞ የመጣ ወንድም ነው። የሚዋሽ ሰው አይደለም። አስተካክለዋለሁ ሲል ከልቡ ነው፤ መሐንዲሱ ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ ያለ ጊዜም ከልቡ ነበር። ያች ሰፊ ግን ዓምና ወረቀት ነበር የምታደርግለት፤ ዘንድሮ ጨርቅ ነው። ለከርሞ በላይዋ ሁለት ወለል ተጭኖ ምን ልታደርግለት ነው?

ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ፋይሉን ከፈተች፣ የመግቢያውን ዓምድ ማያው እስኪሞላ አቀረበችው። ቁጥሩን ሁለቴ ተጫነች። ዜሮውን አጠፋች፣ አራቱን አጠፋች። ባዶ ስትተወው ፕሮግራሙ መስመሩን ራሱ ለክቶ ያንኑ "25" መልሶ ጻፈው። አተመችው። ከማተሚያው ሲወጣ ወረቀቱ ገና ሞቃት ነበር፤ አጣጥፋ ያዘችው።

እንደገና ለወንድሟ ደወለች። በዚህ ጊዜ ቢሮው መካከል ሆና ነው የደወለችው፤ ቀያሹ ቢሰማም ይስማ አለች።

"ጋሼ፣ ቁጥሩን መልሼዋለሁ። አሁን ልነግራቸው ነው። እኔ ዛሬ ያደረግሁትን ነው የምነግራቸው፤ የአምስት ዓመቱን አንተ ብትነግራቸው ይሻላል። ያለህበት ቅርብ ነው። እስክትደርስ እጠብቅሃለሁ።"

ይጮህብኛል ብላ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። አልጮኸም።

"አትጠብቂኝ" አለ።

የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። የደከመው ሰው ነበር፤ እንደውም አንድ ነገር ከትከሻው ላይ ያወረደ ሰው የሚመስል ነገር ነበረው፤ ወይም እሷ እንዲህ እንዲሆን ፈልጋ ይሆናል። ምን ማለትህ ነው ልትለው ስትል ስልኩ ተዘጋ።

ወደ መሐንዲሱ ክፍል የሚያወጣው የብረት ደረጃ ላይ፣ መካከል ላይ ተቀመጠች። አትጠብቂኝ ብሏታል፤ እሷ ግን እጠብቅሃለሁ ብላዋለች። ከዚያ ሆና የውጭውን በር ታያለች። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ብላ ታያለች። ፖስታ የሚያመላልሰው ሰው ገባ። የጽዳት ሠራተኛዋ ገባች። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ባለቤቱ የስፌት ቤቱን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ከላይ ወረደ፤ ተነስታ ጥግ ይዛ አሳለፈችውና ተመልሳ ተቀመጠች። ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነው። እናቷን አሰበች፤ እልልታዋን እንዴት አድርጋ ወደ አፏ እንደምትመልሰው። ዛሬ ማታ እቤት ምን እንደሚባል፣ ማን ማንን እንደማያናግር አሰበች። ከዚህ ቢሮ ብትባረር የት እንደምትሄድም አሰበች፤ ቁጥር ትዋሻለች የተባለች ንድፍ ሠሪ ማን ይቀጥራታል? ሁሉንም አስባ ስትጨርስ ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ወንድሟ አልመጣም።

ከላይ በር ተከፈተ። መሐንዲሱ መብራት አጥፍተው፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ነገሩ ሁሉ የተሳካለት ሰው በሚያዜመው ዓይነት እያዜሙ መውረድ ጀመሩ። ሦስት ደረጃ ሲቀራቸው አዩዋት።

"ሚሊ? ምነው እዚህ ተቀመጥሽ? አመመሽ እንዴ?"

"አላመመኝም ኢንጂነር።"

"እንግዲያ ነገ እንገናኝ" አሉ። "ልጆቹ መኪና ውስጥ እየጠበቁኝ ነው፤ አሳልፊኝ።"

ደረጃው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። እሷ ጥግ ካልያዘች መውረጃ የለም። በሩን አንድ ጊዜ አየችው፤ ተዘግቷል። ወረቀቱን ዘርግታ ጉልበቷ ላይ አስተካከለችው፤ ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና አላሳልፍዎትም" አለች። "እስቲ መነጽርዎን ያድርጉ።"